ሐዘን ባለበት ቤት ቀለም መበጥበጥ ነውር ነው ወይ?

አንዲት የስልሳ ሰባት ዓመት እናት በአንድ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ አነሱ። ጥያቄያቸው አጭር ነበር። ምላሹ ግን ከአርባ አለፈ። ክሩን፣ ማለትም ጥያቄውንና ተከታትለው የመጡትን ምላሾች፣ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ብዙ ቁም ነገር አለው፤ ለጠብ የተቃረበበት ቦታም አለ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ ሳልገለብጥ፣ በምላሹ ቅደም ተከተል ላውጋችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው ጽሑፍ

ጠያቂዋ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ባለቤታቸው የመርሳት ሕመም ከያዛቸው ዓመታት አልፈዋል። ቀንም ሌሊትም የሚያስታምሟቸው እሳቸው ናቸው። በዚህ መሐል ታናሽ እህታቸው በድንገት አረፉባቸው። ሰው ሁሉ ወደየኑሮው ተመልሶ ቤቱ ጭር ሲል፣ አንድ ሌሊት ባለቤታቸውን እንቅልፍ እንደወሰዳቸው የውኃ ቀለማቸውን አወጡ። ሥዕል ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚወዱት ነገር ነው። ለማደር መጥታ የነበረችው ልጃቸው ነቅታ አየቻቸው። በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ጊዜ እንዴት ሥዕል እንዳማራቸው ጠየቀቻቸው። ሌላ ምንም አላለችም። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ ብሩሽ አላነሱም።

ሁለት ነገር ነው የጠየቁት። ሐዘን ላይ ያለ፣ በሽተኛ የሚያስታምም ሰው ደስ የሚለውን የእጅ ሥራ ቢሠራ ቤተሰቡን መበደል ነው ወይ? በደል ካልሆነስ ጊዜው ከየት ይመጣል?

ሁለተኛዋን ጥያቄ ያዙልኝ። ሰው ሁሉ የመጀመሪያዋን ለመመለስ ሲሻማ፣ ይቺ ለረጅም ጊዜ ዞር ብሎ የሚያያት አላገኘችም።

ምላሽ 1

የመጀመሪያዋ መላሽ ትሁት ናት። አስቀድማ ስለ እህታቸው አጽናናቻቸው። ቀጥላ ምንም ነውር እንዳልሠሩ ጻፈች። አባቷ የሞቱ ጊዜ እሷ ሹራብ ትሠራ ነበር። ሰው ፊት እንባ እምቢ ይላታል። እጇ ሹራቡ ላይ ሲሆን ግን እንባዋ ያለ ከልካይ ይወርዳል። ስለዚህ ሥራው ሐዘኗን አላስረሳትም፤ እንዲያውም የምታዝንበት ቦታ ሆነላት።

ምላሽ 2

ቀጣዩ መላሽ ሽማግሌ ናቸው። በአክብሮት፣ ግን በግልጽ ተቃወሙ። ባለቤታቸው ያረፉ ጊዜ ጊታራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው አስቀመጡ። ዓመት ሙሉ አልነኩትም። ያ ዝምታ ለባለቤታቸው የሰጡት ክብር እንደነበር ያምናሉ፤ ዛሬም አይቆጫቸውም። ለሁሉም ጊዜ አለው፣ ብሩሹም ቢቆይ አይጠፋም ባይ ናቸው።

እኚህን ሰው ወደድኳቸው። ማንንም አልኮነኑም። የራሳቸውን ነው የተናገሩት።

ምላሽ 3

ሦስተኛው እንዲህ አልነበረም። ሐዘን አምስት ደረጃ እንዳለው ዘረዘረ፤ መካድ፣ ቁጣ፣ መደራደር፣ ድብርት፣ መቀበል። ከዚያ ያለ ምንም ማመንታት ጠያቂዋ ገና መጀመሪያው ላይ እንዳሉ፣ መሣላቸውም የእህታቸውን ሞት አለመቀበላቸውን እንደሚያሳይ ደመደመ። ሴትዮዋን በአንድ አንቀጽ መርምሮ ጨረሳቸው።

ምላሽ 4

እዚህ ላይ በምክር አገልግሎት ሙያ ጡረታ የወጡ አንዲት ሴት ገቡ። ምላሻቸው ረጅም ነው፤ በክሩ ውስጥ እንደ እሱ የጠቀመኝ የለም። ለሦስተኛው በትሕትና እርማት ሰጡ። አምስቱን ደረጃዎች ያስተዋወቁት ሐኪም ኤልሳቤት ኪውብለር-ሮስ በ1969 የጻፉት ራሳቸው ሊሞቱ ከተቃረቡ ሕሙማን ጋር ተነጋግረው ነው። ሰው ስለሞተባቸው ሐዘንተኞች አልነበረም። ወደ ሐዘንተኞች የተዛመተው በኋላ ነው። እንዲያም ሆኖ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው የሚወጣበት መሰላል አይደለም።

ከዚያ ሌላ አስተሳሰብ አመጡ። በ1999 ማርጋሬት ስትሮብ እና ሄንክ ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች ሐዘንተኛ በሁለት ነገር መሐል እንደሚመላለስ ጻፉ። በአንድ በኩል ያጣውን ሰው ያስባል፣ ያለቅሳል፣ ፎቶ ያገላብጣል። በሌላ በኩል ደግሞ የተለወጠውን ኑሮ ይይዛል፤ ሟቹ ይሠራው የነበረውን ይማራል፣ ከሐዘኑም ጥቂት ያርፋል። ይህ መመላለስ በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ደጋግሞ ይሆናል። ሁልጊዜ አንዱ ወገን ላይ ብቻ መቅረት ነው የሚያሳስበው። በዚህ ዓይን ሲታይ የዚያ ሌሊት ሥዕል የሐዘኑ አንድ ክፍል ነው እንጂ ከሐዘን ማምለጫ አይደለም።

በመጨረሻ አንድ ማንም ያላየውን ነገር አነሱ። ጠያቂዋ ያለባቸው ሐዘን አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። ባለቤታቸው በሕይወት አሉ፤ እዚያው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። የሚያውቋቸው ሰው ግን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያለ ሄዷል። ፖሊን ቦስ የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር ይህን ዓይነቱን ድንበር የሌለው ማጣት ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲያጠኑት ቆይተዋል። የጠፋ ሰው ያላቸው ቤተሰቦችና የመርሳት ሕመም ያለበትን ሰው የሚያስታምሙ ሰዎች እዚህ ላይ ይገናኛሉ። ለዚህ ሐዘን ቀን አይቆረጥለትም። የሚያጽናናም አይመጣም።

ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። እናቴ ስሜን መጥራት ያቆመች ጊዜ እኔንም ሊያጽናናኝ የመጣ አልነበረም። በሕይወት ነበረችና።

ምላሽ 5

ሦስተኛው ተመልሶ መጣ። አራተኛዋን አመሰገነ፤ ጠያቂዋን ይቅርታ ጠየቀ። ሁለት መስመር ብቻ ናት፤ ግን ብዙ ቦታ የማትገኝ ሁለት መስመር ናት።

ምላሽ 6

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ እጅ ሥራው ዞረ። አንድ እንጨት ሠሪ አባት ባለቤታቸው በስትሮክ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ የኤሌክትሪክ መጋዛቸውን ማስነሳት አቁመዋል። አደጋውን ፈርተው ብቻ አይደለም። መጋዙ እየጮኸ ባለቤታቸው ቢጣሩ አይሰሙም። አሁን ወንበራቸውን በሩ አጠገብ አድርገው በትንሽ ቢላ የእንጨት ማንኪያ ይጠርባሉ። ለአስታማሚ የሚሆነው ሥራ በተጠሩ ቅጽበት የሚጣል፣ ሲመለሱም ካቆሙበት የሚቀጥል ነው። ይህ የሰባት ዓመት ልምዳቸው ነው።

ምላሽ 7 እስከ 11

አንዲት ሠዓሊ በዚህ መለኪያ ከሄድን የውኃ ቀለም ይወድቃል ብላ ተነሳች። ሰፊ ሰማይ እየቀቡ ሳለ ሰው ቢጣራ ወረቀቱ አይጠብቅም። ቀለሙ የደረቀበት ጠርዝ መስመር ሆኖ ይቀራል፤ በላዩ ላይ ውኃ ቢጨመርበት ደግሞ ይባስ እንደ አበባ ተዘርግቶ እድፍ ይሆናል። እሷ ጉዋሽ የተባለውን በውኃ የሚበጠበጥ ወፍራም ቀለም መከረች። ሳህኑ ላይ ከደረቀም በኋላ ውኃ ሲነካው ይመለሳል። ወፍራም ስለሆነ የተበላሸውን በላዩ ላይ ቀብቶ መሸፈን ይቻላል። ስምንተኛው ባለቀለም እርሳስ ይበቃል ባይ ነው፤ አይፈስ፣ አይደርቅ፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። ዘጠነኛዋ ዘይት ቀለም ለቀናት ሳይደርቅ ስለሚቆይ ለተቋረጠ ሥራ የተሻለ እንደሆነ ጻፈች።

አሥረኛው ወዲያው አረማት። ዘይት ቀለም ማቅጠኛው ተርፔንታይን ይተናል። በሽተኛ በተኛበት በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይሆንም። አሥራ አንደኛዋ የጨመረችው ሁሉም ሊይዘው የሚገባ ነው። የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው ያገኘውን ወደ አፉ ሊወስድ ይችላል። ካድሚየም ያለባቸው ቀለሞች ደግሞ መርዛማ ናቸው። ስለዚህ የቀለሙ ማሸጊያ ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበብ። ብሩሽ የሚታጠብበት ውኃም በመጠጫ ብርጭቆ አይቀመጥ።

ከርዕስ የወጡ ይመስላሉ፤ አልወጡም። ጠያቂዋ ከጽሑፋቸው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ ብለው ምስጋና የጻፉት እዚህ ላይ ነው። ስለ ሐዘናቸው ሳይሆን ስለ ቀለማቸው የሚያወራቸው ሰው ናፍቋቸው ነበር።

ምላሽ 12

ከዚያ አንዲት በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች ሴት መጣችና መድረኩን አናወጠችው። እናቷን ለብቻዋ ታስታምማለች። ሥራዋን በዚሁ ምክንያት ትታለች። ስለ ጉዋሽና ስለ ተርፔንታይን አምስት ሰው ሲያወራ በሽተኛው አጠገብ ማን እንደተቀመጠ የጠየቀ አንድም ሰው እንደሌለ ጻፈች። በእሷ ቤት ወንድሞቿ ገንዘብ ይልካሉ፤ ምክርም ይልካሉ። ለራስሽም ጊዜ ስጪ የሚለው ምክር ከሁሉ የባሰ ያበሳጫታል። ጊዜውን የሚሰጣት ሰው ስሙን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይዞ ይምጣ እንጂ ምክሩን ለራሱ ያስቀረው ነው ነገሩ። ድሮ ጥልፍ ትጠልፍ ነበር። መርፌዋ የት እንዳለ እንኳ ዛሬ አታውቅም።

ቃሏ ይሻክራል። ነገር ግን የጠያቂዋን ሁለተኛ ጥያቄ ያየችው እሷ ናት። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ለደከመ አስታማሚ ራስህን ተንከባከብ ማለት ቀላል ነው። ከበሽተኛው አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ መሆን እስካልቻለ ድረስ አንዱ ከተነሳ ሌላው መቀመጥ አለበት። ሌላው ሁሉ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

ምላሽ 13 እስከ 15

አሥራ ሦስተኛው እሱን የሰደበችው መስሎት መጣ። እሱም ከቤተሰቡ ርቆ ይኖራል፤ እህቱ አባታቸውን ታስታምማለች። ገንዘቡ ከሰማይ እንደማይወርድ፣ እሱም በሁለት ሥራ እንደሚያድር፣ የሩቅ ሰው ሕመሙን በስልክ ብቻ እየሰማ መኖሩም ቀላል እንዳልሆነ ጻፈ። አሥራ ሁለተኛዋ መልሳ፣ ስልክ ሲዘጋ እሱ መተኛት እንደሚችል አስታወሰችው። እህቱ ግን እንደማትችል። አወያዩ ሁለቱንም እንዲበርዱ ለመነ፤ አንድ ሁለት መስመርም አጠፋ።

ምላሽ 16 እና 17

አንዲት ነርስ ነገሩን ወደ ጥናት ወሰደችው። በ1995 በታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት፣ የመርሳት ሕመም ያለበትን ዘመድ የሚያስታምሙ 13 ሴቶች ቆዳቸው ላይ ትንሽ ቁስል ተደረገላቸው። ከማያስታምሙ ሴቶች ይልቅ ቁስላቸው ለመዳን ዘጠኝ ቀን ገደማ ዘገየ። በ1999 ደግሞ ባል ወይም ሚስት የሚያስታምሙ አረጋውያን ለአራት ዓመት ተከታትለው የወጣ ጥናት አለ። ማስታመሙ ያስጨነቃቸው ሰዎች ከማያስታምሙት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በ63 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ።

አሥራ ሰባተኛው ጠንቃቃ ሰው ነው። ነርሷ ሰውን እንዳታስፈራ ጠየቃት። በ2013 ከ3,500 በላይ አስታማሚዎችን ከማያስታምሙ ተመሳሳይ ሰዎች ጋር ያነጻጸረ ሰፊ ጥናት የተገላቢጦሹን አግኝቷል። በስድስት ዓመት ውስጥ የአስታማሚዎቹ ሞት በ18 በመቶ ያነሰ ነበር። ነርሷ ተመልሳ፣ የ1999ኙም ቢሆን አደጋውን ያየው ጭንቀት ባለባቸው ላይ እንደሆነ አስረዳች። ስለዚህ ሁለቱ ጥናቶች አይጣሉም። የሚወዱትን ሰው ማስታመም በራሱ አይገድልም። ያለ እረፍትና ያለ ተተኪ ማስታመም ግን ሰውነትን ይበላል። የአሥራ ሁለተኛዋ ቁጣ በቁጥር ሲነገር ይህን ይመስላል።

ምላሽ 18

ጠያቂዋ ለሁለተኛ ጊዜ ተመለሱ። አሁን ያልነገሩንን ነገሩን። ያስጨነቃቸው የልጃቸው ጥያቄ ብቻ አይደለም። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ባለቤታቸውንም፣ እህታቸውንም ረስተው ነበር። ወረቀቱ ላይ ሰማያዊው ከቢጫው ጋር ሲገናኝ ደስ አላቸው። የፈሩት ያንን ደስታ ነው። ልጃቸው ስትገባ ነውር ሲሠሩ የተያዙ ያህል ደነገጡ።

ምላሽ 19

የመለሱላቸው እኚያ ባለጊታሩ ሽማግሌ ናቸው። ዓመቱ ሲሞላ ጊታራቸውን ከጨርቁ ፈትተው የመጀመሪያውን ዜማ ሲመቱ እሳቸውንም እንዲሁ ደስታ አስደንግጧቸዋል። ዓመት መጠበቃቸው ከዚያ ድንጋጤ አላዳናቸውም። በአንድ ወርም ይምጣ በአንድ ዓመት፣ ያው እንደሚመጣ ነው የተረዱት። ጠያቂዋ እንዲጠብቁ መጀመሪያ የሰጡትን ምክር አልሻሩም። ግን መጠበቁ ያንን ፍርሃት ያስቀራል ብለው ተስፋ እንዳያደርጉ ነገሯቸው።

ሁለቱ ሳይተዋወቁ፣ አንዱ ሌላውን ሳያሸንፍ እንዲህ ሲነጋገሩ ማንበብ ልብ ይነካል።

ምላሽ 20 እስከ 22

አንዲት ታሪክ የምትወድ መላሽ ሜሪ ዴላኒን አመጣች። ዴላኒ በ1700 የተወለደች እንግሊዛዊት ናት። ባሏ በ1768 ሞተ። በሰባ ሁለት ዓመቷ ባለቀለም ወረቀት በመቀስ እየቆረጠች፣ ጥቁር ወረቀት ላይ እየለጠፈች አበባ መሥራት ጀመረች። አበቦቹ ለሥነ ዕፅዋት ትምህርት እስኪበቁ ድረስ ትክክለኛ ነበሩ። ዓይኗ እስኪደክም አሥር ዓመት ያህል ሠራች። አንድ ሺህ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው አበቦች ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ይገኛሉ።

አሥራ ሁለተኛዋ እዚህም አላለፈችም። ዴላኒ የመኳንንት ወገን ነበረች። ብዙ ጊዜም በወዳጇ በዱቼስ ኦፍ ፖርትላንድ ቤት ትቆይ ነበር። አብሳይዋም አጣቢዋም ሌላ ሰው ነው። እውነቷን ነው። ሃያ ሁለተኛው ታዲያ ግራንድማ ሞሰስ በሚል ስም የምትታወቀውን አሜሪካዊት አነሳ። በ1860 የተወለደች፣ ዕድሜዋን በእርሻ ሥራ የጨረሰች ሴት ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ በጥልፍ ሥዕል ትሠራ ነበር። የመገጣጠሚያ ሕመም መርፌ መያዝ ሲከለክላት እህቷ ቀለም ብትሞክር እንደሚሻል መከረቻት። ወደ ሥዕሉ በደንብ የገባችው በሰባዎቹ መጨረሻ ነው። በ1961፣ በ101 ዓመቷ እስክትሞት ድረስ ሣለች።

ምላሽ 23 እስከ 26

ስለ ጣት ሕመም ነው ያወሩት። ቀጭን ብሩሽ ወይም ኪሮሽ ለሚያማቸው እጀታው ላይ ስፖንጅ መጠቅለል፣ ከመጀመር በፊት እጅን በሞቀ ውኃ ማፍታታት፣ ሳያም ማረፍ፣ መብራቱን በማይሠሩበት እጅ በኩል ማድረግ። ጠቃሚ ነው።

ምላሽ 27 እስከ 30

ሃያ ሰባተኛው ሰው ግጥም ጸሐፊ ነበሩ። ነበሩ ያሉት ራሳቸው ናቸው። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ አንዲት ስንኝ አልወጣቸውም። ሰው ሁሉ ደብተር በስጦታ ያመጣላቸዋል። ደብተሮቹ ተደርድረዋል። ጥበብ ሐዘንን ይፈውሳል የሚል ሰው ሲያዩ ቤት መቀመጥ ያምራቸዋል። እሳቸው የሚፈልጉት መጻፍ ሳይሆን ልጃቸውን ነው።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይገባ ነበር። ሃያ ስምንተኛው ግን የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ በ2019 ከ3,000 በላይ ጥናቶችን ሰብስቦ ጥበብ ለጤና እንደሚበጅ መግለጹን ይዞ መጣ። ዘገባው እውነት ነው። ቦታው ግን እዚያ አልነበረም። ሃያ ዘጠነኛዋ በቁጣ ነገረችው። ዘገባ ስለ ብዙ ሰው በአንድነት የሚናገር ነው፤ ልጁ የሞተበትን አንድ አባት ለመርታት ዘገባ አይጠቀስም። ሳይወዱ በግድ የተጻፈ ግጥምም ለማንም አይጠቅምም።

አማካሪዋ፣ አራተኛዋ፣ ተመለሱ። ሰውዬውን ጻፉ አላሏቸውም። ሐዘን ሲበረታና ሲረዝም ሙያዊ እርዳታ የሚሻ ደረጃ ላይ ሊደርስ እንደሚችል ነገሯቸው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2022 መመሪያው ውስጥ ይህን ሲያስገባ ለአዋቂ ቢያንስ 12 ወር ማለፉን መለኪያ አድርጓል። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች አመዳደብ ደግሞ ከ6 ወር ጀምሮ ያያል። ነገር ግን እርዳታ ለመጠየቅ ወር መቁጠር አያስፈልግም። መብላት መተኛት ያቃተው፣ መሞት የተመኘ ሰው ያኑ ቀን ለሚያምነው ሰውና ለሐኪም ይንገር። ሰውዬው ለዚህ መልስ ጻፉ። የጻፉትን ግን አወያዩ በራሳቸው ጥያቄ ከክሩ አንስቶታል።

ምላሽ 31 እስከ 35

ጠያቂዋ አንድ ሌላ ነገር አነሱ። እህታቸው ጀምረው የተዉት ሹራብ አለ። ጀርባው አልቋል፣ ደረቱ እኩሌታው ላይ ነው። መርፌው እንደተሰካ ነው። ምን ያድርጉት?

እዚህ ላይ መድረኩ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛዋ ይጨረስና ይለበስ ባይ ናት፤ ሹራብ የሚሠራው ሊለበስ ነው። ሌላው እንዳለ ይቀመጥ አለ። የእናቱን ያላለቀ ጥልፍ በመስተዋት አስገብቶ ሰቅሎታል። መርፌዋም አብሮ ነው። ሠላሳ ሦስተኛዋ በ2022 አሜሪካ ውስጥ ስለተመሠረተው ሉዝ ኤንድስ የተባለ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ነገረችን። በሞት ወይም በሕመም ምክንያት የተቋረጠ የሹራብ፣ የኪሮሽና የጥልፍ ሥራ ተቀብለው፣ ጨርሰው፣ ያለ ክፍያ ለቤተሰቡ ይመልሳሉ።

የመጀመሪያዋ መላሽ፣ ባለሹራቧ፣ ለረጅም ጊዜ ጠፍታ እዚህ ተመለሰች። ለሚጨርሰው ሰው የሚሆን ምክር ነበራት። የሰው እጅ አጠባበቁ ይለያያል። ያኛዋ ላላ አድርጋ ሠርታ ከሆነና ይቺኛዋ የምታጠብቅ ከሆነች፣ እጅ የተቀየረበት ቦታ ይታያል። የመርፌውን ቁጥር በመለዋወጥ ማቀራረብ ይቻላል። ፈጽሞ ማጥፋት ግን አይቻልም። እሷ ብትሆን ለማጥፋትም አትሞክርም። ሁለቱ እህትማማቾች የተገናኙበት መስመር ነውና።

ጠያቂዋ ሹራብ መሥራት አይችሉም። ባለሹራቧ በቪዲዮ ልታስተምራቸው ቃል ገባች። ከተስማሙበት ቀን ጋር።

ምላሽ 36 እና 37

ከወንድም ወገን የተከራከረው አሥራ ሦስተኛው ሲጠፋ ተቀይሞ የሄደ መስሎኝ ነበር። እህቱን ደውሎ ጠይቋት ኖሯል። ለራሷ ጊዜ ስለመስጠት አልነገራትም፤ በሳምንት የትኛው ቀን እንደሚከብዳት ነው የጠየቃት። ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት አለችው። አሁን የሚልከውን ገንዘብ በከፊል ለእነዚያ ሁለት ከሰዓቶች የሚሆን ረዳት ለመቅጠር አውለውታል። እህቱ በነፃ ሰዓቷ ምን እንደምትሠራ አልጠየቃትም። አሥራ ሁለተኛዋ ለዚህ ምንም አልመለሰችም። ሠላሳ ሰባተኛው ግን እንዲህ ያለው ወንድም ለእሷም ቢገኝላት ተመኘ።

ምላሽ 38 እስከ 40

ሰው ተገኘ እንበል። በሽተኛው እሺ ባይልስ? ሠላሳ ስምንተኛው እናቱ አዲስ ሰው ሲመጣ እየጮኹ አስቸግረውት ነበር። የሠራለትን መንገድ ነገረን። መጀመሪያ ተተኪዋ እሱ ባለበት መጥታ አብራቸው ተቀመጠች። ቀጥሎ እሱ ወደ ሌላ ክፍል ሄደ። ከዚያ ለሩብ ሰዓት ከቤት ወጣ፤ ሩብ ሰዓቱ ቀስ በቀስ ረዘመ። አንድ ወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። መድኃኒቱ ስንት ሰዓት እንደሚሰጥ፣ እናቱ ሲደነግጡ ምን እንደሚያረጋጋቸው፣ የትኛውን ዘፈን እንደሚወዱ፣ ማን ጋ እንደሚደወል።

ሠላሳ ዘጠነኛዋ ይህ ሁሉ ሆኖም የእሷ አባት ረዳቷን መትተዋት እንደነበር ጻፈች። ነርሷ መለሰችላት። እንዲህ ያለ ድንገተኛ ለውጥ ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈለገው ሕመም፣ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት ወይም ሌላ አካላዊ ምክንያት ነው። ሰውየው ያመመውን መናገር አልቻለም ማለት ምንም አላመመውም ማለት አይደለም። ስለዚህ ለሐኪም ይነገር።

ምላሽ 41 እስከ 43

ጠያቂዋ ክሩን ለልጃቸው አሳዩዋት። ልጅቷ አነበበችና አለቀሰች። እሷ በዚያ ሌሊት የደነገጠችው በሥዕሉ አልነበረም፤ በሰዓቱ ነው። ሌሊቱ ተጋምሷል፤ እናቷ ቀኑን ሙሉ ቆመው ውለዋል፤ አባቷ ደግሞ ሊነጋ ሲል ይነቃሉ። እናቷንም እንዳታጣ ፈርታ ነበር። አሁን እሑድ ከሰዓት እየመጣች አባቷ ጋ ልትቀመጥ ተስማምተዋል።

ሁሉም ደስ አለው። አሥራ ሁለተኛዋ ግን ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀች። ጠያቂዋ በዚያ ጊዜ የት እንደሚሆኑም ጠየቀች። ጎረቤት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሚሥሉ ከሆነ፣ ልጅቷ መድኃኒቱ የት እንዳለ ለመጠየቅ ትጣራለች። ባለቤታቸውም ድምፃቸውን ሲሰሙ ይፈልጓቸዋል። እንጨት ሠሪው አባትም ይህንኑ ከራሳቸው ቤት መሰከሩ። እሳቸው ልጃቸው በተራዋ ስትመጣ ቢላቸውንና እንጨታቸውን ይዘው ወደ ወዳጃቸው ቤት ይሄዳሉ። እቤት የዋሉ ቀን አንድ ማንኪያ እንኳ አይወጣቸውም።

ጠያቂዋ ለዚህ እስካሁን አልመለሱም። እኔ ግን አሥራ ሁለተኛዋን እደግፋለሁ። ሰዓቱ ከእነ መጀመሪያውና መጨረሻው ይጻፍ፤ የመድኃኒቱ ወረቀት ግድግዳው ላይ ይለጠፍ፤ ልጅቷ እንደገባች እናትየው ቀለማቸውን ይዘው ከቤት ይውጡ።